«ምን አለ?»፦ ቴሌቪዥንና ተመልካቹ በእንጅባራና በዳንግላ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ አካባቢያችን አንድ የታሪክ ጽሑፍ ጻፍልን» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የተለመደው ነበር፤ ሰባት ቤት አገው፣ ፈረሱ፣ ዘንገና ሐይቅ። እነዚህን ከእኔ አስበልጠው የሚጽፉ መምህራን እዚያው ግቢ ውስጥ ስላሉ ተውኩት። እኔ የምጽፈው ማንም ታሪክ ብሎ ስላልቆጠረው ነገር ነው፤ ቴሌቪዥን ሲታይ ስለሚወራው ወሬ። ስለሚታየው አላልኩም፣ ስለሚወራው።

በ2010 ዓ.ም. አብረን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ የባቼ ልጆች ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አጀማመር ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ አይቸገርም። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከተደራጀ ስቱዲዮ ጥቁርና ነጭ ሥርጭት ተጀመረ። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሥራው ረድቷል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት ደግሞ ምስሉ ባለ ቀለም ሆነ። ይህ ሁሉ ተጽፏል። ያልተጻፈው፣ ከሣጥኑ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ምን እንዳለ ነው። እንግሊዞቹ ለዚህም መላ ነበራቸው፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የተመልካች ደብዳቤ እየተነበበ ፕሮግራሞች የሚወደሱበትና የሚወቀሱበት «ፖይንትስ ኦፍ ቪው» የሚባል ዝግጅት ነበረው። የእኛ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ እዚያው ይናገራል። የተናገረው ደግሞ ቡናው ሲያበቃ ከሲኒው ጋር ይታጠባል።

የኛን አካባቢ ነገር የምጀምረው አንድም ሰው ባላየው ፕሮግራም ነው።

ዳንግላ የሚኖር አጎት አለኝ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪ ነበር። መስከረም 1 ቀን ማታ ቴሌቪዥን ላይ የታየውን ነገር ከእሱ በላይ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሀገሩ ቴሌቪዥን የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም ደርግ ወስዶ የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድግስ እየሰካካ ለሕዝብ አሳየው። አንድ ጊዜ አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ኬክ፤ ደግሞ ረሃብተኛ፣ ደግሞ ሥጋ የሚጎርሱ የቤተ መንግሥት ውሾች። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

አጎቴ ይህን ሲያወራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ውሾቹን በመልክ በመልካቸው ይነግርሃል። አንድ ቀን፣ ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ መሆኑ ነው፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የት ሆነህ አየኸው?» አልኩት። ያን ጊዜ ሥርጭቱ በዋናነት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተወሰነ ነበር። ዝም አለኝ። ቀጥሎ «አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ወርዶ ነግሮን ነው» አለ። «ግን እኮ በደንብ አድርጎ ነው የነገረን።» ነጋዴውስ አይቶት ነበር? እሱም ካየ ሰው ሰምቶ ይሆናል። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ «ያን ቀን ሆቴሉ በረንዳ ላይ እኮ ለሁለት ተከፍለን ልንደባደብ ነበር። ግማሹ "ንጉሡ ረሃቡን አያውቁም ነበር" ይላል፤ ግማሹ "ውሻቸው ያወቀውን እሳቸው እንዴት አያውቁም" ይላል።» እንግዲህ የዳንግላ ሰው በቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የሰጠውና እኔ የደረስኩበት የመጀመሪያ አስተያየት ይህ ነው፤ ፕሮግራሙን ሳያይ የሰጠው። ከየት እንደሰማው ግራ ቢያጋባም፣ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የታሪክ ክፍል ውስጥ የምንጨቃጨቅበት ጥያቄ ነው።

ወደ እንጅባራ ልመለስ፣ ወደ ቤታችን።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን የገባው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ነርስ የነበረችው አክስቴ ያገለገለ፣ ከኋላው እንደ እርጉዝ ላም የተነፋ ሣጥን ከባሕር ዳር በአውቶቡስ አስጭና አመጣች። መንገድ ላይ በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር ይባላል፤ ክብደቱን የሚያውቅ አያምንም። አንቴናው የተሰቀለው በቀርከሃ ላይ ነው፤ እንጅባራ ሆኖ ቀርከሃ ማን ይቸገራል? ንፋስ በመጣ ቁጥር አንዳችን ደጅ ወጥተን ቀርከሃውን እናዞራለን፣ አንዱ በመስኮት «አሁን! አሁን! አይ፣ አለፈ፣ መልስ!» ይላል። ክረምት ላይ ደጅም ዝናብ፣ መስታወቱም ላይ ዝናብ ነው።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ሌላ ቤት ስላልነበረ ማታ ማታ ሳሎኑ ይሞላል። ትልልቆቹ አግዳሚው ላይ፣ ልጆች አጎዛ ላይ፣ አያቴ ከሰል ምድጃው አጠገብ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይቀርባል። አስተያየት የመስጠቱም ነገር ወግ ነበረው። ዜና ላይ ወንዶች ብቻ ይናገራሉ፣ ያውም በጉሮሮ። ድራማ ላይ ሁሉም ይናገራል። ማስታወቂያ ሲመጣ እስካሁን የታየው ይጠቃለላል፣ የሚመጣው ይተነበያል፣ ያልገባው ይጠይቃል። ማስታወቂያ የሚረዝምበትን ምክንያት ያኔ እንዲህ ነበር የተረዳሁት፤ ሰው እንዲያወራ ብለው ነው የሚያስረዝሙት ብዬ። ሳንሱርም ነበረ። ተዋንያኑ ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ አክስቴ የሲኒውን ረከቦት አንሥታ መስታወቱ ፊት ለፊት ትቆማለች። ስትቆም ግን ወደ መስታወቱ ዞራ ነው።

አባባ ተስፋዬን ያየሁት መጨረሻቸው ላይ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥኑ ከተጀመረበት ዘመን አንሥተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል፤ አክስቴም በልጅነቷ ከእሳቸው ተረት ሰምታለች፣ እኔም ሰማሁ። ሰላምታ ሲሰጡን ከአጎዛው ተነሥተን አጎንብሰን እንመልስ ነበር። ሳንነሣ የቀረን እንደሆነ አያቴ «ሽማግሌ ሰላም ብሏችሁ ዝም?» ብላ ትቆጣናለች። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ማረፋቸው ሲነገር አያቴ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። የተናገሩትን አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ሰምታ አታውቅም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሥራ የሚመጣው። አያቴ የምትናገረው አዊኛ ነበር። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ሰላም ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትሄድም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ያን ጊዜ እኛ ቤት የሚናገረው አማርኛ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እግሯ ሥር ተቀምጬ እተረጉምላታለሁ። «ምን አለ?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። «እሷስ ምን አለች?» እነግራታለሁ። እኔ አንዱን ተርጉሜ ሳልጨርስ ድራማው ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀድሞኝ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ «ኧረ ዝም በሉ!» ሲሉን ድምፃችንን ቀንሰን በሹክሹክታ እንቀጥላለን።

ከሁሉም ያደከመኝ «ሰው ለሰው» ነው። ኢቲቪ ላይ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲተላለፍ ሀገሩ ሁሉ ቆሞ ያየው እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ከዚያ በፊት «ገመና» እንዲህ አድርጎ ሰው ሰብስቦ ነበር፣ ግን እኔ ለመተርጎም ገና ልጅ ነበርኩ፣ ብዙውን ዘለልኩባት። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት ክፋት እንዲህ ረጋ ብሎ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ድምፁን ሳያነሣ ሊመጣ እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አበዳሪ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ስማቸው ቀረና «አስናቀ» ሆኑ። በፊታቸው ግን «ጋሼ» እንላቸዋለን። እሳቸውም ማታ መጥተው አብረውን ያያሉ፣ አስናቀንም ከሁላችን አብልጠው ይረግማሉ።

አንድ ማታ አስናቀ አንዱን ሰው ያስፈራራል፤ ይሰድባል። አያቴ «ምን አለ?» አለች። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ያን ስድብ በአዊኛ፣ ያውም ለአያቴ፣ ከአፌ ላወጣው አልቻልኩም። አማርኛ ሆኖ ሲሰማ ድራማ ነው፣ በአዊኛ ከተናገርኩት ግን የተሳደብኩት እኔ ነኝ። «ሥራውን በጊዜ ጨርስ አለው» አልኳት። አያቴ መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ መስታወቱን አየች። «ፊቱ እንዲህ የሆነ ሰው እንዲህ አይናገርም» አለችኝ። ቀጥላም፣ በሰው ፊት፣ «እስከ ዛሬስ ስንቱን ነው የደበቅከኝ?» አለች።

አፈርኩ። ምክንያቱም ብዙ ደብቄያታለሁ። አንዳንዱን ስድብ ስለሆነ፣ አንዳንዱን ስላልገባኝ፣ አንዳንዱን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስለደከመኝ። ሰው ሁሉ በማግስቱ ውኃ ቦኖ ላይ ስለ ድራማው ሲከራከር እሷ ይዛ የምትሄደው እኔ የሰጠኋትን ነው። ስንት ጊዜ «እንዲህ አላለም፣ ተሳስተሻል» ተብላ ዝም ብላ ይሆን? ይህን ያሰብኩት ያኔ አይደለም፤ ያኔ ያሰብኩት ድንቹን ማን እንደሚጨርሰው ነው። አሁን ግን ስለ ተመልካች ታሪክ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ የምመለሰው ወደዚያች ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ስምምነት አደረግን። የማልናገረው ቃል ሲመጣ «ክፉ ቃል» እላታለሁ፣ እሷ ራሷ ትሞላዋለች። የምትሞላው ከተባለው የባሰ ነበር።

መብራት የሄደባት ማታም አለች። እንጅባራ የኖረ ሰው ይህን አያስገርመውም። ድራማው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ሰው «ኡ!» አለ፤ ከዚያ ማንም አልተነሣም። ሻማ ተለኮሰ። አበዳሪው ጋሼ እንዲህ ይሆናል አሉ፣ የጎረቤት አስተማሪ እንዲያ ይሆናል አለ፣ አክስቴ ሁለቱንም ናቀቻቸው። አያቴ አዊኛ ለሚሰሙት በአዊኛ ጨረሰችው፤ ይህን ያህል ሰዓት ያስተረጎመችኝን ድራማ እኔ ለአስተማሪው ወደ አማርኛ መለስኩለት። በማግስቱ ዳንግላ መብራት አልሄደባቸውም ነበርና አክስቴ አጎቴ ጋ ደወለች። አጎቴ የተናገረው ከማንኛችንም ጋር አልገጠመም። ታዲያ የዚያን ቀን ክርክር የተነሣው «የማን ይሻላል?» በሚል ነው፤ አጎቴ ያየው በስልክ አንደኛ አልወጣም። (አጎቴ ያላየውን እንደሚያወራ እኔ ያኔ ገና አላወቅኩም ነበር።)

ዳንግላ ሌላ ነው። እዚያ ለእረፍት ስሄድ ቴሌቪዥን የማየው አስፋልቱ ዳር ባለች ምግብ ቤት ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ሾፌር፣ ረዳት፣ ከገበያ የተመለሰ ነጋዴ፤ ሁሉም ወንድ። ሻይ ያላዘዘ አይቀመጥም። ድራማ ሲጀምር ገብቶ በመሃል ተሳፍሮ የሚሄድ አለ፤ መጨረሻውን ፍኖተ ሰላም ያያል ወይም ጨርሶ አያየውም። እዚያ ቤት አስተያየት የሚሰጠው ለተመልካቹ ሳይሆን ለመስታወቱ ነው፣ በቀጥታ፣ በጩኸት። «አትመናት! አንተ ሞኝ!» ይባላል። ማታ ኳስ ካለ ደግሞ ድራማው አለቀለት። በእኛ ሳሎን ወሬው ወደ ጎን ይሄዳል፣ በዳንግላው ምግብ ቤት ወደ ፊት። ብዙ የታሪክ ሰዎች ስለ ተመልካች ሲናገሩ አንድ ዓይነት ሰው አድርገው ስለሚያስቡት ነው ይህን የማነሣው፤ በ40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር።

ስለ ፕላዝማ ካልተናገርኩ የዘመኔ ልጆች አይምሩኝም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረፀ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣልን ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አገኘሁት። በሕይወቴ ካየሁት ቴሌቪዥን ሁሉ አስተያየት የማይቀበለው እሱ ብቻ ነው። ይጠይቅሃል፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጥሃል፣ አንተ ጥያቄውን ሳትረዳ «ቬሪ ጉድ!» ይልሃል። የኛ መምህር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እኔ አጠገቤ ላለው ልጅ በልማዴ መተርጎም ጀመርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ፣ መምህሩም «ጮክ በል» አለኝ። ያስተማርኩት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያ ነው ብል አላጋነንኩም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ መምህራን «እነዚህ ልጆች ለምን ጥያቄ አይመልሱም?» ስትሉ እሰማለሁ። መልስ ሳይጠብቅ የሚያመሰግን መምህር ዓመታት ያስተማረው ልጅ ነው እኮ ያገኛችሁት።

በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣ። ነገሩ ምን ያህል ድንገት እንደነበረ ለማስታወስ ይከብዳል፤ አንድ ሳምንት የማንም ዲሽ ወደ ዐረብ ጣቢያዎች ዞሮ ነበር፣ በሚቀጥለው ሴቶቹ ሁሉ ስለ ቱርክ ቤተሰብ ያወራሉ። «ጥቁር ፍቅር» ሲጀምር ሳሎናችን እንደገና ሞላ፣ ምንም እንኳ ያን ጊዜ ብዙ ቤት ቴሌቪዥን ቢኖርም። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበራት በጣቢያው ላይ ተቃውሞ አሰሙ፤ የሀገር ውስጥ ሥራ ይሞታል፣ ባህልም ይበላሻል አሉ። እኔ በሁለቱም በኩል እውነት ነበረ ባይ ነኝ። የአንድ ሀገር ተዋናይ እንጀራውን ከተተረጎመ ቱርካዊ ጋር ሊፎካከርበት አይገባም፤ ተመልካቹም ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣን፣ ለዚያውም አንዳንዴ የምትቀርን ድራማ ሲጠብቅ መሰልቸቱ ነውር አይደለም።

የእኛ ቤት ክርክር ግን ስለዚህ አልነበረም። የሰፈር ሴቶች «አፋቸውና ቃላቸው አይገጥምም፣ ይረብሻል» ሲሉ አያቴ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ጠየቅኳት። ለእሷ አፍና ቃል ገጥሞ አያውቅም። ተዋናዩ በአማርኛ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ በአዊኛ ዘግይቶ የሚወጣው ቃል የእኔ ነው። ሰው ሁሉ በ2008 የጀመረውን እሷ አሥር ዓመት ግድም ኖራበታለች። «አሁን እኩል ሆናችሁ» አለቻቸው። የአያቴ ቃና እኔ ነበርኩ ማለት ነው፤ ያውም እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ ክፉውን ቃል እየዋጥኩ።

ግቢ ስንገባ የሆነውን ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። ከየክልሉ የመጣን ልጆች አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ስንጨቃጨቅ፣ የአማርኛው ቀልድ ያልገባውን ጓደኛ «ምን አለ?» ሲል ስሰማ፣ ጆሮዬ ቆመ። ያ ጥያቄ የአያቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በፋና ቴሌቪዥን «ምን ልታዘዝ» ሲመጣ ደግሞ መተርጎም ብቻውን አልበቃም፤ አንድ ካፌ ውስጥ የሚካሄደው ቀልድ ስለ ሀገር ነውና የትኛው አስተናጋጅ የትኛውን ወገን እንደሚወክል ሌሊቱን ዶርም ውስጥ ስንፈታ እናድራለን። አንዳችን የፈታነውን ሌላው አይቀበልም። አንድ ጊዜ በዚህ ነገር ሁለት ጓደኛሞች ለሳምንት ተኮራረፉ፤ ዛሬ ሚዜ የተባባሉ ናቸው፣ ስማቸውን ግን አልጠራም፤ ይህን ሲያነቡ ያውቁታል።

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ወደየቤታችን ስንበተን ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ አያቴ አርጅታለች። ሁለተኛው፣ ቴሌቪዥኑ አዊኛ ይናገራል። የአማራ ብዙኃን መገናኛ፣ የዛሬው አሚኮ፣ የአዊኛ ዝግጅት ነበረው፤ እኔ ግቢ ሆኜ ልብ አላልኩትም። የማታ ማታ ዶክተር ሊያ ታደሰ ያሳወቁት የበሽተኛ ቁጥር ሲነገር መተርጎም አላስፈለገኝም፤ አያቴ በራሷ ቋንቋ ትሰማለች። ሥራዬን ተነጠቅኩ፤ ትንሽ ከፋኝ ብል ትስቁብኛላችሁ።

ያገኘችውን ግን ዝም ብላ አልተቀበለችም። ስንት ዓመት ሙሉ በእኔ አንደበት ታግታ የቆየች ተቺ ነበረች። «ይህን ቃል እኛ እንዲህ አንለውም፤ ይህ የእነዚያ ወገን አነጋገር ነው» ትላለች። «ይቺ ልጅ እናቷ አዊኛ አላስተማረቻትም፣ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው» ትላለች። አማርኛ ቃል ሳያስፈልግ ሲገባ ጣቷን ታነሣለች፤ አንድ ማታ ቆጥራ ሰባት አደረሰችው። ያኔ ነው የገባኝ፤ በአማርኛው ድራማ ላይ ስለ ሰዎቹ ጠባይ ብቻ ታወራ የነበረው ቋንቋውን መተቸት ስለማትችል ነው። አንድ ሰው ሙሉ አስተያየት የሚሰጠው ቋንቋውም የእሱ ሲሆን ነው፣ ቢያንስ አያቴ ዘንድ እንዲያ ነበር።

ፈረሱም ላይ እንዲሁ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ታውቃላችሁ፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። ወንድሟ ፈረሰኛ ነበር። በቴሌቪዥን ሲታይ እየጠበቀች ተቀምጣ አንድ ጣቢያ ላይ አየችው። ባለሥልጣን ይናገራል፣ ሌላ ባለሥልጣን ይናገራል፤ ፈረስ መጣ ስንል ካሜራው ዞሮ ድንኳን ያሳያል። «ንግግሩ ረዘመ፣ ፈረሱ አጠረ» አለች። ካየችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን የማንኛው ፈረስ ግላስ በትክክል እንዳልታሰረ፣ የትኛው ጋላቢ ለካሜራ ብሎ ልጓሙን እንደሳበ ነገረችኝ። ጋዜጠኛው ካለው ሁሉ ይህ ይበልጥ ነበር። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ መቅረፅ ጀመርኩ። ግቢው እስኪከፈት ድረስ በነበሩት ወራት ድራማ ሲያልቅ፣ ዜና ሲያልቅ፣ ምሽት ምሽት እቀርፃታለሁ፦ ስለ አስናቀ፣ ስለ አባባ ተስፋዬ፣ ስለ ቱርኮቹ፣ አክስቴ ረከቦት ይዛ ስለምትቆምበት። ይህ ጽሑፍ በዚያ ላይ ሊቆም ይገባው ነበር።

ስልኩ መናኸሪያ ላይ ተሰረቀ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር። ቴሌግራም ላይ ለራሴ መላክ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው፤ አላደረግኩትም። ሌባውን ብዙ አልወቅስም። እኔ ራሴ ነኝ «ነገ» ያልኩት። አያቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች፤ እዚህ የጻፍኩላችሁ ከጭንቅላቴ የወጣ ነው፣ ያውም በአማርኛ። እንደገና ተረጎምኳት ማለት ነው። የቆረጥኩት እንዳለ እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ኢትዮሳት ሲመጣ ዲሹ ሁሉ ዞረ፤ ቀርከሃዋ አጥር ሆነች። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉትን «እረኛዬ» የባቻችን ልጆች በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ክፍል በክፍል ስንበልተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ከምረቃ በኋላ ግሩፑ እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግሩፑ ዝም አለ፤ ውጭ ያላችሁት «የት ጠፋችሁ?» ስትሉ ቆይቶ ነው ያነበብነው። በእነዚያ ወራት የአክስቴ ሳሎን እንደ ድሮው ነበር። ሰው በጊዜ ይገባል፣ በጊዜም ይወጣል፣ መስታወቱ አሁን ጠፍጣፋ ነው፣ ወሬው ግን ወደ ጎን ይሄዳል።

ባለፈው እንጅባራ ስሄድ የእህቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አዊኛ አትሰማም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ ይናገራሉ፤ ስለ አንድ የመሬት ክርክር ነው፣ ተቆጥተዋል። ልጅቷ እጄን ሳበችና «ጋሼ፣ ምን አሉ?» አለችኝ።

የተናገሩት ጠንከር ያለ ነበር። «ጎረቤታቸው አስቀይሟቸው ነው» አልኳት።

መስታወቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።